ያልመዘንኳቸው አምስት ስልቻዎች

ይህን ነገር ለማንም ሳልነግር ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ለእናቴ አልነገርኩም። ጾም በመጣ ቁጥር ደጃቸው ለምቆመው ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ለእሳቸው ምቀኝነቴን ተናዝዣለሁ፤ በፍልሰታ ወተት መቅመሴን ተናዝዣለሁ፤ ይህን ግን አጠገቡ ደርሼ እያለፍኩት እወጣ ነበር። ፈርቼ ነው? አዎን፣ ፈርቼ ነው። ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አባ ስግደት ቢያዙኝ እሰግዳለሁ፤ ጾም ቢያዙኝ እጾማለሁ፤ ከዚያ "እግዚአብሔር ይፍታህ" ይሉኛል፣ እኔም ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። አው ዩሱፍ ግን በዚያው ሰዓት የራሳቸው በነበረው አትክልት ውስጥ ለሌላ ሰው ጎንበስ ብለው ይኮተኩታሉ። እንዲህ ያለው መፈታት ምን ዓይነት መፈታት ነው?

ስለዚህ ይህን የምታነበው ሰው፣ ማንም ሁን፣ ስማኝ። እንድትፈታኝ አልጠይቅህም። እንድትሰማኝ ብቻ ነው።

እኔ ወልዴ እባላለሁ። በሐረር ጉምሩክ ግቢ ሚዛን ያዥ ነበርኩ። አባቴ ከሸዋ የመጣ ወታደር ነበር፤ ሐኪም ጋራ ግርጌ በተሰጠው ቁራሽ መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ አንድ ዳዊትና አንድ አሮጌ ጠመንጃ ትቶልን ሞተ። ጠመንጃውን እናቴ ሸጠችው። ዳዊቱን እኔ ወሰድኩት። ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። እናቴ በቃሏ የምትደግመውን መዝሙር እያስደገምኳት፣ ድምፁን ከጽሕፈቱ ጋር እያገጣጠምኩ ብቻዬን ለየሁት። ይህን ለመመካት አይደለም የምነግርህ። ያስተማረኝ ሰው ስላልነበረ ስሳሳት የሚያርመኝም አልነበረም፤ ስለዚህ መሳሳትን እንደ ሞት እፈራ ነበር። ይህን ፍርሃት ሰዎች ጥንቃቄ ይሉት ነበር። እኔም ጥንቃቄ ነው ብዬ አምኜ ኖርኩ።

ግቢው ውስጥ ስሜ የታወቀው በዚሁ ነው። ቡና የሚያስመዝኑ ነጋዴዎች ሲቀልዱብኝ፣ "ወልዴ እኮ ጆንያው ላይ ዝንብ ብታርፍ ዝንቧን ቀንሶ ነው የሚመዝን" ይሉ ነበር። አንዱ ደግሞ፣ "ተው እባክህ፣ መጀመሪያ ዝንቧን ለብቻዋ ይመዝናታል" ይላል። እኔ አልስቅም፤ ዝም ብዬ የሚዛኑን ምላስ አያለሁ። በልቤ ግን እንዴት ደስ ይለኝ እንደ ነበር!

በዚያ ግቢ አንድ የቆየ ልማድ ነበር፤ የሚቀረጠው ይጻፋል፣ የማይቀረጠው ይመሰከራል። ቡና፣ ቆዳ፣ አቡጀዲ ቀረጥ ስላለባቸው መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። የውጭ አገር ሰው ከባሕር ማዶ ይዞ መጥቶ፣ ከአገር ሰው ጋር ለሚያቆመው የንግድ ማኅበር የሚያዋጣው ብር ግን ቀረጥ የለበትም፤ ስለሌለበትም አይጻፍም። ማኅበሩ ፈርሶ ሰውዬው ወደ አገሩ ሲመለስ ያስገባውን ያህል መዋጮውን ያለ ቀረጥ ይዞ ይወጣል። ከዚያ የበለጠው ትርፍ ነው፤ ትርፍ ይቀረጣል። ታዲያ ያስገባው ስንት እንደ ነበር በምን ይታወቃል? በሚዛን ያዡ ቃል። ሚዛን ያዡ ቆሞ "ይህን ያህል ሲገባ አይቻለሁ" ካለ ነገሩ አለቀ። ካላለ ደግሞ ምስክር ያጣ ዋና፣ ማለት መዋጮው፣ እንደ ትርፍ ይቆጠራል።

እንግዲህ የባዕድ ሰው ንብረት ማስረጃው እኔ ነበርኩ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ አይፈራም ነበር።

ሙሴ ያኒ፣ ያኔ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው፣ ግሪክ ነበር። ቀጭን፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ፣ ሲናገር እጁን ደረቱ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው። ከወንድሞቹ ጋር የአባታቸውን የወይራ እርሻ ሸጠው ያገኙትን ሁሉ ጠገራ ብር አድርጎ፣ በስድስት የቆዳ ስልቻ አሳስሮ፣ ከድሬዳዋ በበቅሎ አስጭኖ መጣ። ማኅበር የሚገባው ከአው ዩሱፍ ጋር ነበር። አው ዩሱፍ፣ አው ማለት እንደ አባ ያለ የክብር መጠሪያ ነው፣ በግንብ የታጠረው የጀጎል ከተማ ሰው ናቸው፤ ቡና በጥርሳቸው ሰብረው የየት መሬት እንደ ሆነ የሚናገሩ ነጋዴ። ከኤረር በር ውጭ ከአባታቸው የወረሱት አትክልት ነበራቸው፤ ብርቱካን፣ ጊሽጣ፣ ትንሽ ቡና። እውነተኛ ስማቸው ያ አትክልት ነበር ማለት ይቻላል። ሰው "የትኛው ዩሱፍ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ "ባለ ብርቱካኑ" ይባላል።

ብሩ የገባ ቀን ክረምት ነበር። ያን ሁሉ ብር በእጅ ልቁጠር ቢሉ ቀኑ አይበቃም፤ ስለዚህ በግቢው ልማድ አንዱ ስልቻ ብቻ ይቆጠራል፤ የተቆጠረው በአንደኛው የሚዛን ሳሕን ላይ ይቀመጣል፤ የቀሩት አንድ በአንድ በሌላው ሳሕን እየወጡ ከእሱ ጋር ይስተያያሉ። ሚዛኑ የሚሰቀለው ግቢው መካከል ካለው ዋርካ ላይ ነበር። እኔ የመጀመሪያውን ስልቻ ቆጠርኩ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። አው ዩሱፍ እያዩኝ፣ "ማሻአላህ፣ ይህ ልጅ ለራሱ እናት እንኳ አያደላም" አሉ።

ስልቻውን ሳሕኑ ላይ ላወጣ ስል ዝናቡ ወረደ። የሐረርን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ አያስጠነቅቅም። የግቢው ተሸካሚዎች እየጮኹ ስልቻዎቹን ወደ መጋዘኑ አሸሹ። ያልተቆጠሩት አምስቱም ቆዳቸው ረጠበ። እኔም እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ የረጠበ ቆዳ ይከብዳል፤ አሁን ብመዝን ልክ አይመጣም፤ ነገ ሲደርቅ እመዝነዋለሁ። ተመልከት፤ ከጥንቃቄ ነው የጀመርኩት። አምስቱን ግን አንድ በአንድ በክንዴ አንሥቼ አይቻቸዋለሁ። አንድ ዓይነት ነበሩ።

በማግሥቱ ስገባ ስልቻዎቹ የሉም፤ አው ዩሱፍ በጠዋት ወደ ዕቃ ቤታቸው አስወስደዋቸዋል። የያኔው ነጋድራስ፣ ማለት የግቢው ሹም፣ በበቅሏቸው ላይ እንዳሉ ጠየቁኝ።

"የግሪኩን ብር መዘንክ?"

"አዎን ጌታዬ። ስድስቱም ልክ ናቸው።"

ይኸው ነው። በቅሏቸው እንኳ አልቆመችም። "አልመዘንኳቸውም፣ ረጥበው ነበር" ብል ምን ይሉኝ ነበር? "ሂድና መዝን" ነው የሚሉኝ። ከዕቃ ቤቱ እስከ ግቢው ያለው መንገድ አንድ ሰው ጫት ቀንጥሶ የማይጨርስበት መንገድ ነው። እኔ ግን ወልዴ ነበርኩ፤ ዝንቧን የሚመዝነው ወልዴ። ወልዴ ሳይመዝን ያሳደረው ነገር እንዳለ ማንም እንዲያውቅ አልፈለግሁም።

ማኅበሩ አራት ዓመት ያህል ቆየ። ጠብ አልነበረባቸውም። ሙሴ ያኒ አማርኛም የጀጎልን ቋንቋም እየቀላቀለ ይናገር ነበር፤ ሰው ሲስቅበት አብሮ ይስቅ ነበር። በኋላ ግን ሳል ያዘው፤ ደም መትፋት ጀመረ። በአገሩ መሞት ፈለገ። ማኅበሩን በሽማግሌ ፊት አፈረሱ፤ ትርፉን ተካፈሉ፤ የትርፉንም ቀረጥ ከፈሉ። የቀረው ያ የወንድማማቾቹ ዋና ነበር፤ ስድስት ስልቻ።

በዚህ መካከል አሮጌው ነጋድራስ ሞተው አዲስ ተሹሞ ነበር። አዲሱ ሰው ብልህና ጠርጣራ ነበሩ። ብሩ ሊወጣ ሲል እሳቸው ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጥተዋል፤ ምክትላቸው ደግሞ በራሱ ሊፈቅድ ፈራ። የባቡሩ ቀን ደርሷል፤ የሙሴ ያኒ ሳልም ቀን የሚሰጥ አይደለም። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፤ ግሪኩ ብሩን ይዞ ይሂድ፣ አው ዩሱፍ ዋስ ይሁኑ፤ ነጋድራሱ ሲመለሱ ሚዛን ያዡ ይመስክር፤ ካልመሰከረ ቀረጡን ዋሱ ይክፈሉ።

አው ዩሱፍ ዋስ ለመሆን አንድ ጊዜ እንኳ አላመነቱም። "ምስክሩ እዚህ ቆሞ የለም እንዴ?" አሉና ወደ እኔ አመለከቱ።

ሙሴ ያኒ በቅሎው ላይ ሲወጣ አጠገቡ ነበርኩ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ "ወልዴ፣ እኔ ሄድኩ፤ አንተ አለህ" አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

አንተ አለህ። ስንት ቀን ነው ይህን ቃል ይዤ የተኛሁት!

ነጋድራሱ ተመልሰው የችሎቱ ቀን እስኪደርስ ድረስ ምግብ አልወርድ አለኝ። ያስጨነቀኝ ምን እንደ ሆነ ልንገርህ። ለነጋድራሱ "ስድስቱንም መዝኛለሁ" ብዬ ብምል በሐሰት መማል ነው፤ ለነፍሴ እፈራለሁ። "አንዱን ቆጥሬአለሁ፣ አምስቱን አልመዘንኩም፣ ነገር ግን ስድስቱም ሲገቡ አይቻለሁ" ብል እውነት ነው፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ውሸታም እንደ ነበርኩ ግቢው ይሰማል። ደግሞም የጸሐፊነቱ ቦታ ባዶ ነበር፤ ለእኔ እንደሚሆን ሰው ሁሉ ያወራ ነበር። እናቴ ለጎረቤት ነግራለች። እውነቱን መናገር በቂ መሆኑን፣ አው ዩሱፍን እንደሚያድን አውቅ ነበር? አውቅ ነበር። ይህን አልደብቅህም። ልማዱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ "ሲገባ አይቻለሁ" የሚለው ቃል ይበቃ ነበር። ክብደቱ ባይታወቅ እንኳ የስልቻው ቁጥር ይበቃ ነበር።

ችሎቱ በዋርካው ሥር ተቀመጠ። ነጋድራሱ ወንበር ላይ፣ አው ዩሱፍ ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው በስተቀኝ፣ ነጋዴው ሁሉ ዙሪያውን። ሚዛኑ ከበላያችን ተሰቅሎ ነበር፤ ባዶ ሳሕኖቹ በንፋስ ይወዛወዙ ነበር።

"ወልዴ" አሉኝ ነጋድራሱ። "ስድስት ስልቻ ብር በዚህ ግቢ ሲገባ በዓይንህ አይተህ፣ በእጅህ መዝነሃል? ንጉሥ ይሙት በልና ተናገር።"

ሁለቱ በሮች ፊቴ ነበሩ፤ በሐሰት መማል ወይም መዋረድ። እኔ ሦስተኛ በር አገኘሁ።

"ጌታዬ፣ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። አላስታውስም።"

አንድ ቡና ነጋዴ ከኋላ፣ "ዝንቧን እንኳ የሚያስታውስ ልጅ!" አለ። የሳቀ ግን የለም። አው ዩሱፍ ወደ እኔ ዞሩ። በቁጣ አልነበረም። ሰው የሚያውቀው ቤት በር ተዘግቶ ሲያገኘው እንደሚያይ ነው ያዩኝ።

ነጋድራሱ ደጋግመው ጠየቁኝ። "ገብቷል ነው የምትል፣ አልገባም?" "አላስታውስም ጌታዬ።" "አንድም ስልቻ?" "የማላስታውሰውን አልምልም።" ይህን የመጨረሻውን ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። እንዲያውም፣ ተመልከት ክፋቴን፣ በዚያች ደቂቃ ራሴን ጻድቅ አድርጌ ነበር የማየው። በሐሰት አልማልኩም! ስሙን በከንቱ አልጠራሁም! ልብ እንዲህ ያለ ጠበቃ ነው፤ ሳትከፍለው ይቆምልሃል።

ተፈረደ። ምስክር ያጣ ዋና ትርፍ ነው። ግሪኩ ያላስገባውን ብር አስገብቻለሁ ብሎ ቀረጥ ሰርቆ ወጣ ተባለ። ዋሱ ይክፈሉ ተባለ።

አው ዩሱፍ ያን ያህል ብር በእጃቸው አልነበረም። ስለዚህ እስኪከፍሉ ድረስ በቁራኛ ተሰጡ። በዚያ ጊዜ ቁራኛ ማለት ባለ ዕዳውን ከጠባቂው ጋር በአንድ ሰንሰለት፣ እጅ ለእጅ ማሰር ነው። ከበየነ ዘበኛ ጋር አሰሯቸው። በየነ ረጅምና ሆዳም ሰው ነበር፤ እሳቸው አጭርና ቀጭን። ገንዘብ ፍለጋ የጀጎልን ጠባብ መንገድ ሲዞሩ አንደኛው ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ሆነው እየተጓተቱ ይሄዱ ነበር። የሶላት ሰዓት ሲደርስ አው ዩሱፍ መስጊዱ ደጅ ላይ ይቆማሉ፤ ሩኩዕ ሲወርዱ ሰንሰለቱ በየነን ይስበዋል፤ እሱም ሳይወድ አብሮ ጎንበስ ይላል፤ ሱጁድ ሲወርዱ ይንበረከካል። ልጆቹ ተከትለው ይጮኹ ነበር።

"ጋሼ በየነ ሰለሙ! ጋሼ በየነ ሰለሙ!"

በየነም፣ "ዞር በል አንተ ቅማላም! ጊዮርጊስ ያያል፣ ወድጄ ነው?" እያለ በነጻ እጁ ድንጋይ ያነሣል። ከተማው ሳቀ። አው ዩሱፍን ማንም እንዲህ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ እሳቸው በመጡበት መንገድ ሰው የሚነሣላቸው ነበሩ።

አንድ ቀን በጉምሩኩ ደጅ ሲያልፉ ፊት ለፊት ተገናኘን። ልሸሽ ነበር፤ መሸሻ አልነበረም። አው ዩሱፍ ቆሙ፤ በየነም ግዱን ቆመ።

"ወልዴ፣ ልጄ፣ ከሳህ" አሉኝ። "በእኔ ነገር አትጨነቅ። ያላስታወስከውን አስታውሳለሁ ማለት ሐራም ነው። ደግ አደረግህ።"

አፌን ከፈትኩ። እምልልሃለሁ፣ ከፍቼው ነበር። "ስድስት ነበሩ" የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። በየነ ግን፣ "እንሂድ እንጂ አው ዩሱፍ፣ ምሳ አልፎ እኮ ነው!" ብሎ ሰንሰለቱን ጎተተው። አፌን ዘጋሁ። በየነ ነው የዘጋው ልበልህ? አይደለም። እኔ ነኝ የዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ሁሉ በየነ አልነበረም።

በመጨረሻ አትክልቱን ሸጡ። የገዛው ባለ ጸጋ መልካም ሰው ነው፤ እሳቸውንም አላባረራቸውም፤ በሲሶ እንዲሠሩለት አደረገ። እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። አባታቸው የተከሉትን ብርቱካን ለቅመው፣ ከሦስት ሁለቱን ለሰው አስረክበው፣ የቀረውን ኤረር በር አጠገብ ዘርግተው ይሸጣሉ።

እኔስ? እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። ነጋድራሱ በነጋዴው ሁሉ ፊት ጠርተውኝ፣ "የማያስታውሰውን የማይምል ሰው እንዲህ ነው፤ ብዕር ለእንዲህ ያለ ሰው ይገባል" አሉ። እናቴ እልል አለች። ከዚያ ወዲያ ስሜ ከበፊቱ የበለጠ ገነነ። ሁለት ሰዎች በምስክር ሲጣሉ፣ "እንደ ወልዴ ንጹሕ ምስክር አምጣ" ይባባላሉ። አስበው፤ የሰረቅሁበትን እጅ ሰው ሁሉ እየመጣ ይስመዋል። እኔም እጄን እሰጣለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከአው ዩሱፍ ብርቱካን እገዛ ነበር። ከዋጋው አብልጬ ስሰጣቸው ትርፉን ቆጥረው ይመልሱልኛል። "ዋጋው ይህ ነው ልጄ፤ የቀረው የአንተ ነው" ይላሉ። አንድ ጊዜ እንደ ረሳሁት አድርጌ ትቼላቸው ሄድኩ፤ በማግሥቱ በሰው እጅ ላኩልኝ። ብርቱካኑን ቤት እወስደዋለሁ፤ እናቴ ትበላዋለች። እኔ ቀምሼው አላውቅም። ይህን እንደ ንስሐ እቆጥረው ነበር። ብርቱካን አለመብላት! ሰው እንዲህ በርካሽ ራሱን ያታልላል።

ወደዚህ ሳምንት ልምጣ። አው ዩሱፍ የእህታቸው ልጅ ከኤደን የመርከቡን ዋጋ ልኮላቸው ለሐጅ ሊነሡ ነው። ሐጅ የሚሄድ እስላም ሳይነሣ በፊት ያስቀየመውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ይለምናል፤ "አፉ በሉኝ" ይላል፤ ሰውም አፉ ይለዋል። የሰው ቅያሜ ተሸክሞ መሄድ አይሆንም። ረቡዕ ዕለት ሰው ልከው አስጠሩኝ። ስገባ ነደባ በሚሉት በቀዩ መደብ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሸምግለዋል። እጃቸው ላይ ያለው አፈር አሁን በመታጠብ የሚለቅ አይመስልም።

እንድቀመጥ አደረጉኝና፣ "ወልዴ፣ ልጄ፣ ኢንሻአላህ ሰኞ መንገደኛ ነኝ" አሉ። "ከተማውን ዞሬ አፉ አስብዬ ጨርሻለሁ። አንተ ነህ የቀረኸኝ።"

"እኔ? እርስዎ እኔን ምን አስቀይመውኝ ያውቃሉ?"

"አንተ አታውቀውም። እኔ ነኝ የማውቀው። ያን ጊዜ በዋርካው ሥር 'አላስታውስም' ስትል በልቤ፣ ይህ ልጅ ይዋሻል ብዬ ነበር። ሳምንት ሙሉ እንደዚያ አሰብኩ። ሰንሰለቱ ላይ ሆኜ ስምህን ከአላህ ፊት በክፉ አነሣሁት። በኋላ ነው ወደ ልቤ የተመለስኩት። የሰውን ንጹሕ ልብ መጠርጠር ትልቅ ኃጢአት ነው። አፉ በለኝ።"

እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ምን ብዬ ልጻፈው? እኔ የወሰድኩባቸውን አትክልት፣ ያሰርኩባቸውን ሰንሰለት፣ ያሳቅሁባቸውን ከተማ ሁሉ ትተው፣ ስለ እኔ እውነቱን በማሰባቸው ይቅርታ ይለምኑኛል። አፉ ብላቸው ምንኛ ቀላል ነበር! አንዲት ቃል ናት። ነጻ ሆነው ይሄዱ ነበር፤ እኔም ንጹሕ እንደሆንኩ እቀር ነበር። እውነት ልንገርህ፤ ቃሏ አፌ ውስጥ ተዘጋጅታ ነበር። "አ" ብዬም ጀምሬ ነበር።

እጃቸውን አልያዝኩም። "አፉ አልልዎትም" አልኩ። "መጠርጠርዎ ልክ ነበር።"

ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ የረጠበውን ቆዳ፣ የቆጠርኩትን አንዱን፣ ያልመዘንኳቸውን አምስቱን፣ በበቅሎ ላይ ሆነው ለጠየቁኝ ሹም የመለስኩትን፣ የጸሐፊነቱን ቦታ፣ ሁሉን። ስናገር መሬት መሬት አይ ነበር። ስጨርስ እጃቸው እንደ ተዘረጋ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብለው ሰበሰቡትና ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።



"ያን ቀን፣ አንዱን ቆጠርኩ፣ ስድስት ሲገባ አየሁ ብትል ኖሮ?" አሉ በመጨረሻ።

"ይበቃ ነበር።"

"ይበቃ ነበር" አሉ። ደግመው፣ እንደማያውቁት ቃል ቀስ እያደረጉ፣ "ይበቃ ነበር" አሉ። ግድግዳው ላይ ወደተሰቀሉት ጣባዎች ዞሩ። ሲያለቅሱ አላየሁም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

"ተው። የአትክልቱን ነገር እኔ ለአላህ ከሰጠሁት ቆየሁ፤ እሱን በደጁ ሄጄ እነግረዋለሁ። ያኒ ግን በዚያ ግቢ ሌባ ተብሎ ቀርቷል። ሞቶም ይሆናል። የእሱን አፉ እኔ ልልልህ አልችልም፤ የእኔ አይደለማ። ለእኔ በዚህ ክፍል ውስጥ መንገርህ ምን ይረባዋል? ሄደህ የተጠየቅህበት ቦታ ላይ ተናገር።"

"ከሥራዬ ያባርሩኛል" አልኩ። ይህን ማለቴን ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን ብያለሁ።

"አዎን፣ ያባርሩሃል" አሉ። ቁጣም ምሕረትም አልነበረበትም፤ የቡና ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነው የተናገሩት። "እኔ ሰኞ እሄዳለሁ። ሳልሄድ ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር።"

ስወጣ በሩ ድረስ አልሸኙኝም። ከዚያ ቀን በፊት ሳይሸኙኝ ቀርተው አያውቁም።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ነጋድራሱ ዛሬ ከቀትር በኋላ በዋርካው ሥር ይቀመጣሉ። ከችሎቱ ቀጥሎ ለመናገር ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፤ ምን እንደምናገር አያውቁም፤ አዲስ ደንብ የማቀርብ መስሏቸዋል። እናቴም አታውቅም። ጠዋት ልብሴን አጥባ፣ "ሹመት ሊጨምሩልህ ነው መሰለኝ" ብላ ሰጥታኛለች። የሚያስፈራኝ ምኑ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ሥራዬ ነው? ከተማው ነው? ወይስ የእሷ ፊት?

ይህን ሁሉ በጽሑፍ ያኖርኩት ለምን መሰለህ? ይቅር እንድትለኝ አይደለም። ቅድም ፈርቼ ነበር፣ ያስተማረኝ አልነበረም ብያለሁ፤ ያ ሁሉ እውነት ነው፣ ያ ሁሉ ግን አንድ ስልቻ አያነሣም። የጻፍኩት ራሴን ስለማላምነው ነው። ቦታው ያው ነው፤ ዋርካው ያው፣ ሚዛኑ ያው፤ የሚጠይቁኝም ሰው ያው ናቸው። የሦስተኛውን በር መንገድ አውቀዋለሁ። ይህን ወረቀት ገልብጬ አንዱን ቅጂ ለአው ዩሱፍ ልኬአለሁ። እንግዲህ ተነሥቼ ምላሴ ደግሞ "አላስታውስም" ቢል፣ ወረቀቱን የያዘ ሰው በጉባኤው ፊት ጮክ ብሎ ያንብብብኝ፤ እኔም እንዳልክደው በእጄ የሚከተለውን ጻፍኩ።

ስድስት ነበሩ። አንዱን ቆጥሬአለሁ። አምስቱን አልመዘንኩም። ስድስቱም ሲገቡ አይቻለሁ፤ አስታውሳለሁ፤ ሁልጊዜም አስታውስ ነበር።